ጨዋታ የሌለበት ለቅሶ

ኪሩቤል የተቀበረ ዕለት የደሴ ከተማ ጨዋታ በአንድ ሩቅ አገር ስለተወለደች ሁለት ጅራት ያላት ድመት ነበር። ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለቱን ሲወርድ አንዱ ለሌላው ስለ ድመቷ እየነገረ ወረደ። አንደኛው ጅራቷ የሚንቀሳቀሰው ስትቆጣ ነው፣ ሌላኛው ስትተኛ ነው ተባለ። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ሟቹን በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ፌቨን ከፊት ትሄድ ነበር። በአንድ በኩል ጎረቤቷ ሃያት ክንዷን ይዛ ደግፋታለች። ሃያት እንባዋን ጠረግ አድርጋ ስለ ድመቷ ነገረቻት። ፌቨንም፣ ባሏን አፈር አልብሳ እየተመለሰች፣ ጆሮዋ ውስጥ ሹክ የተባለችውን ቃል ሳታዛንፍ፣ "የአገሩ ሰው ስም ሊያወጣላት በድምፅ እየመረጠ ነው አሉ" ብላ መለሰችላት። ይህ በዚያ ዘመን ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ፍሬ የሚሏት ከሽምብራ የምታንስ፣ ጆሮ ውስጥ ገብታ የምትቀመጥ ነገር ናት። ሹክታ የተባለው ድርጅት ነው የሚያድላት። ሰው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የዕለቱን ጨዋታ ትነግረዋለች፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ታቀብላለች። ስለዚህ ማንም ከማንም ጋር ሲቆም የሚለው አያጣም። ፍየል ከንቲባ አድርጎ የመረጠ መንደር፣ ለሠርጓ አርፍዳ ሙሽራው ከሚዜዋ ጋር ሲጨፍር የደረሰች ሙሽራ፣ ለራሱ ሐውልት የአበባ ጉንጉን የሚወስድ ሽማግሌ። ነገር ከበድ ሲል፣ ማለትም ሰው ስለ በሽታ፣ ስለ ቂም፣ ስለ ውርስ ወይም ስለ ሹም ማንሳት ሲጀምር፣ ፍሬዋ ቀጭን ደወል ትመታና አቅጣጫ የሚያስቀይር ወሬ ታመጣለች። ደወሉን የሰማ ሰው ዓይኑ ለአፍታ ወደ ጎን ሸሸት ይልና ያንን ወሬ ያወራል። ፖሊስ የለም፣ ቅጣት የለም። ልማድ ነው።

ልማዱ ደግሞ ከሜዳ አልበቀለም። የፌቨን ዘመን ሰዎች ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወሬ ጠዋት ከስልክ ተነሥቶ ማታ የሰው ጣሪያ ላይ እሳት ሆኖ በሚያድርበት ጊዜ ነው። ፍሬ ስትመጣ ሽማግሌዎች በደስታ ነበር ያለቀሱት። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ቤት አልተቃጠለም፣ ጎረቤት ከጎረቤት አልተኳረፈም። ፍሬን ከሰው ፊት ማውጣት ጩቤ ከመምዘዝ አይለይም ነበር። ባልና ሚስት እንኳ አንዱ በሌላው ፊት ፍሬውን ካወጣ ሊፋታ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ቅሬ ድንኳኑን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ያስተዛዝን ጀመር። ወሎ ውስጥ ሞት ሲመጣ ሸክሙን የሚሸከመው ቅሬ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አባል ነው። የመካከለኛው ምሰሶ ጫፍ ላይ የጆሮ ፍሬዎቹ እንዳይደክሙ ማሰራጫ ተንጠልጥሏል። የሚገባው ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጽናሽ"፣ "አብሽሪ" እያለ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ ጨዋታውን ይጀምራል። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ሁሉም ደግ ነበር። ፌቨንን ለአንዲት ደቂቃ ብቻዋን የተዋት የለም።

ከቀትር በኋላ አንዲት የሩቅ ዘመድ አጠገቧ ስትቀመጥ ፌቨን ፍሬዋ ያቀበለቻትን አወራችላት። አንዲት ዶሮ የማንቂያ ሰዓት እንቁላል መስሏት ስትታቀፍ ከርማ፣ ሰዓቱ ሲጮህ ጫጩቴ ተፈለፈለ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰች። ሴቶቹ ሳቁ። ፌቨንም ሳቀች፣ ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ የራሷን ሳቅ ሰማችው። እጇ ሳታዘው ወደ አፏ ሄደ። ማንም አላስተዋለም፤ አጠገቧ ያለችው ሴት ቀጣዩን ጀምራ ነበር። ፌቨን ግን ያ ሳቅ ልብሷ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሆኖባት አልለቅ አላት።

ስለ ባሏ ሞት የምታውቀው የሐኪም ቤቱን ቃል ብቻ ነው። ልቡ ቆመ። ኪሩቤል ከከተማው ወደ ጦሳ ተራራ አናት ሰው የሚያመላልሰውን የገመድ መኪና ከሚጠግኑት አንዱ ነበር። ያን ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ፣ የጫማውን ክር ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ አስሮ ወጣ። ያረፈው ላይኛው ጣቢያ ላይ ነው። አብሮት የነበረው የሥራ ባልደረባው እንድሪስ ብቻ ነበር። እንድሪስ ደግሞ ቀብር ላይ ታይቶ ጠፍቷል።

በሠልስቱ መጣ። ከወንዶቹ ጋር አልተቀመጠም፤ ካፖርቱን እንደለበሰ በቀጥታ ወደ ፌቨን ሄዶ ፊት ለፊቷ በርከክ አለ።

"እትዬ ፌቨን" አላት፣ "ኪሩቤል ሊያርፍ ሲል…"

ንግግሩን አቋረጠ። ዓይኑ ወደ ጎን ሸሸ። ደወሉ ነው። ቃሉን በጥርሱ ነክሶ ሊያስቀረው የታገለ ይመስል ነበር።

"በአንድ አገር የቀንድ አውጣ ሩጫ ተካሂዶ" አለ፣ "አንደኛ የወጣው መጨረሻው መስመር ላይ ሊደርስ ሲል እንቅልፍ ወሰደው አሉ።"

ይህን ሲል እንባው በሁለቱም ጉንጩ ላይ እየወረደ ነበር።

የፌቨን ፍሬም ሹክ አለቻት። ሁለተኛ የወጣው በላዩ ላይ ተረማምዶ አለፈ፣ በይው አለቻት። ፌቨን አላለችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በትንሿ ጣቷ ጥፍር ፍሬዋን ከጆሮዋ አወጣችና ከፊቷ ካለው የንፍሮ ሰሃን ላይ አስቀመጠቻት። ከባቄላውና ከስንዴው መሐል ሆና ልትለይ የማትችል ነገር ነበረች።

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ካርታ የሚጫወቱትም እጃቸው ላይ ያለውን ካርታ እንደያዙ ቀሩ።

"እንድሪስ፣ አውጣውና ንገረኝ" አለችው።

እንድሪስ ቀና ብሎ የቅሬውን ዳኛ ፈለገ።

ዳኛው ጋሽ ናሆም ነው። የቅሬው ዳኛ ሆኖ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይስባል፣ ንፍሮ ሲቀቀል እሳት ይቆሰቁሳል፤ በሰፈሩ ከእሱ ይልቅ የሚወደድ ሰው የለም። መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፌቨንዬ፣ ሐዘን ነው፣ ይገባኛል። መልሺያት። ማንም አላየም እንላለን" አላት።

"ሁሉም አይቷል፣ ጋሽ ናሆም።"

ናሆም በጆሮው የሚመታውን ደወል ችሎ አስረዳት። አባቱ ፒያሳ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ልጅ ሳለ አንድ ጠዋት አንድ ወሬ ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሱቁ ሲነድ አባቱ አንድ ባልዲ ውሃ ይዘው፣ የት ላይ እንደሚደፉት ጠፍቷቸው ቆመው እንደነበር ዛሬም ይታየዋል። ያ ወሬ የተነሣው ደግሞ ከለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኛ አንደበቱን አይመርጥም፣ የሰማውም ልቡን አይገዛም። ስለዚህ ነው ቅሬው በድንኳኑ ሥር ያለ ፍሬ ሰው አይቀመጥም ብሎ የደነገገው። የከፋ ሰው አስቦት አይደለም።

ፌቨን አንገቷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማችው። የናሆምን አባት ታስታውሳቸዋለች፤ ለልጆች ቁራጭ ጨርቅ ይሰጡ ነበር።

"እኔ የምጠይቀው ባሌ እንዴት እንደሞተ ብቻ ነው" አለችው።

"ሐኪሙ ነግሮሻል እኮ። ልቡ ቆመ።"

"የሰው ሁሉ ልብ ነው የሚቆመው። እኔ የጠየቅኩት የኪሩቤልን ነው።"

ናሆም ምሰሶው ላይ ወደተንጠለጠለው ማሰራጫ ቀና ብሎ አየ። ቀጥሎ "ከድንኳኑ ሥር አይሆንም" አላት።

"እንግዲያው ድንኳኑን ንቀሉት።"

የተናገረችው ሳትጮህ ነው። ናሆም ሐሳቧን እስክትለውጥ ጠበቃት፤ አልለወጠችም። በመጨረሻ ወደ ቅሬው ወጣቶች ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ካስማው ተነቀለ፣ ሸራው ታጠፈ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው በጋሪ ተጫኑ። ለቀስተኛው ነጠላውን እያስተካከለ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ወጣ። ስለ ቀንድ አውጣው በዝግታ እየተነጋገሩ ሲያልፉ ከአጥሩ ውጭ ይሰማ ነበር። ናሆም የንፍሮውን ድስት አልወሰደም። "ይኼ የቅሬው አይደለም፣ እኔ ነኝ የቀቀልኩት" ብሎ ትቶት ወጣና ከብረት በሩ ውጭ ቆመ፤ ለመሄድም ልቡ አልፈቀደለትም።

ሰማዩ ማካፋት ጀመረ። ከጦሳ ላይ ጭጋግ ይወርድ ነበር። ግቢው ውስጥ ፌቨን ሰሌን ላይ፣ እንድሪስ እንደተንበረከከ፣ ሃያት ደግሞ ከጓዳ በራፍ ላይ ቆማ ቀሩ። የኪሩቤል ታናሽ ወንድም ኢዮስያስም፣ ከኮምቦልቻ ለቀብር የመጣው፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከአጥሩ ጥግ ነበር።

መጀመሪያ ያወጣችው ሃያት ናት። አውጥታ መዳፏ ላይ ተመለከተቻትና "ጆሮዬን በረደኝ" አለች። መጥታ ከፌቨን ጎን ተቀመጠች። ከዚያ እንድሪስ አወጣ። ፍሬዋ ከጣቱ አምልጣ ወደቀችበት፤ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ አልፈለጋትም።

ዝም አሉ። ከጉርምስናቸው ጀምሮ የሚናገሩት ከጆሯቸው ሲመጣላቸው ስለኖረ፣ ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ አልነበረም። እንድሪስ አፉን ከፍቶ ይዘጋል። ፌቨን ልትረዳው ፈልጋ የምትረዳበት አጣች። ዝናቡ የሃያትን ሻሽ አረጠበው። በመጨረሻ እንድሪስ፣ "ላይኛው ጣቢያ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ፍሬ ይደነቁራል" አለ፤ ወሬው ከዚያ ተነሣ።

ጭጋግ ሲወርድ ገመዱ ይቆማል፣ ፍሬውም ዝም ይላል፤ እሱና ኪሩቤል በመሣሪያ ሣጥኖቹ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ አካባቢ ዝም ይሉ ነበር። እያደር መነጋገር ጀመሩ። ክረምቱ ሲገባ ኪሩቤል ልቡ እንደታመመ ነገረው። ሐኪም ልብህ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሎት ነበር። ፈራ። ሞቱን አይደለም የፈራው፤ ለፌቨን የሚነግርበትን አፍ ነው ያጣው። ፍሬውን አውጥቶ እንዳይነግራት ልፈታሽ ነው ያላት ይመስላታል። ሳያወጣ እንዳይነግራት ደወሉ አለ። ቢሆንም ሞክሮ ነበር።

"እራት ላይ ነው አለኝ" አለ እንድሪስ፤ መሬት መሬት እያየ። "ፌቨን፣ ልቤ… ብሎ ጀመረ። ገና ልቤ ከማለቱ…"

አልጨረሰውም። ፌቨን ነች የጨረሰችው።

"ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው አልኩት።"

ታስታውሰዋለች። ፍሬዋ "ልብ" የሚለውን ቃል ሰምታ ያንን አቀበለቻት፤ እሷም ትኩሱን ወጥ እየጨለፈች ስምንት እግር ስላለው ስለዚያ የባሕር አውሬ ነገረችው። ኪሩቤል ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያው አንዱን ቢያበድረኝ ምናለበት" አላት። ቀልድ መሰላት። ሁለቱም ሳቁ። እንደዚያ ዓይነት ቀልድ ከየት አመጣህ ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው።

እንድሪስ ራሱም አንድ ጊዜ ሊነግራት ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ሻይ አቀረበችለት። ግድግዳ ስለሚልስ በግ አውርቶላት ሄደ።

"የሞተ ዕለትስ?" አለችው።

የሞተ ዕለት ጭጋግ ነበር። ኪሩቤል ከሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ "ዛሬ ስመለስ አውጥቼ እነግራታለሁ። ብትቆጣም ትቆጣ" አለ። ቁርጥ ያለ ነገር ስለነበር እንድሪስ ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ደረቱን ያዘ። እንድሪስ እጁን ሲይዘው፣ "እጅህ ቀዝቃዛ ነው" አለው። ሌላ የተናገረው ነገር የለም። ጭጋጉ እስኪገለጥ ገመዱ አይንቀሳቀስም ነበርና እንድሪስ እጁን እንደያዘ ተቀመጠ።

ፌቨን ወዲያው አላለቀሰችም። በአገሩ ሙሾ ማውረድ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ፍሬ ሙሾ አታቀብልም። ልጅ ሳለች የሰማችው ዜማ ግን የሆነ ቦታ ነበረ። ደረቷን በጡጫዋ መታ መታ እያደረገች፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ቃል እየፈለገች አወጣችው።

"ሦስት ልብ ስላለው፣ ስለ ባሕር አውሬ፣
አንድ ልቡ ለደከመው፣ ስነግረው ወሬ…"

ከዚያ በላይ አልመጣላትም። ሃያት "ዋይ፣ ዋይ" ብላ ተቀበለቻት። ዋይታው ከአጥሩ ተሻግሮ መንገዱ ላይ ወጣ። መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ጆሮ ውስጥ በዚያች ሰዓት ስንት ደወል እንደመታ የሚያውቀው ሹክታ ብቻ ነው።

ኢዮስያስ ያኔ ነው ከአጥሩ ጥግ የመጣው። ፍሬውን አውጥቶ በጫማው ረገጣት።

"ወንድሜን የገደልሽው አንቺ ነሽ" አላት።

ናሆም በሩን ከፍቶ ሮጦ ገባ። "ይኸው! ይኼንን ነው የፈራሁት" አለ፤ በሁለቱ መካከል ሊቆም እጆቹን ዘረጋ።

"ይተዉት ጋሽ ናሆም" አለች ፌቨን። ተነሥታ ቆማ ነበር። "ይናገር። ወንድሙ ነው።"

ኢዮስያስም ተናገረ። አንድ ማዕድ እየበላሽ፣ አንድ አልጋ እየተኛሽ፣ የትንፋሹን መቆራረጥ እንዴት አልሰማሽም አላት። ደረጃ ሲወጣ እንዴት አላየሽውም አላት። ልጅ ሳሉ ኪሩቤል እሱን አዝሎ ወንዝ እንዳሻገረው፣ ያ ጀርባ ሲደክም አጠገቡ የነበረችው እሷ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ብዙ ነገር ተናገረ፤ አንዳንዱ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ግፍ ነው። ፌቨን ፊቷን ሳታዞር ሰማችው። ሲጨርስ እሷም አልማረችውም።

"አንተስ? በየሳምንቱ ትደውልለት ነበር። ስለ ምን ነበር የምታወሩት?"

የኢዮስያስ ጃኬት ከትከሻው ወደቀ። ሃያት በኋላ ስትናገር፣ ሰው በጥፊ ሲመታ እንኳ እንደዚያ ፊቱ አይለዋወጥም አለች። ጃኬቱን ከመሬት አንሥቶ፣ በሩን ከኋላው አላትሞ ወጣ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መኪና ያዘ።

ናሆም እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር። የሚጠብቀው ነገር አልመጣም። ድንጋይ የወረወረ አልነበረም፣ ቤት አልተቃጠለም። የብረቱ በር ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ቆየና እሱም ጸጥ አለ።

ቅሬው ተሰብስቦ ፌቨንን ከአባልነት ሰረዛት። ውሳኔውን ራሱ ናሆም ይዞ መጣ፤ ሌላ ሰው መላክ ነውር መስሎት። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ፍሬሽን ካልመለስሽ በቀር የሚደረግ ነገር የለም አላት። ቀጥሎ፣ ከውሳኔው ውጭ፣ "ስትሞቺ ማን ያነሣሻል?" ብሎ ጠየቃት። ሊያስፈራራት ሳይሆን በእውነት ጨንቆት ነበር።

"ቆሜ ስሄድ ካላናገራችሁኝ" አለችው፣ "ስወድቅ ብታነሡኝ ምን ይረባኛል?"

ከሹክታ ቢሮ ደግሞ አንዲት ወጣት አዲስ ፍሬ በትንሽ ሣጥን ይዛ መጣች። ትሁት ልጅ ናት። ይህችኛዋ ለሐዘንተኛ ተብላ የተሠራች መሆኗን፣ ወሬዎቿም ዝግ ያሉ መሆናቸውን አስረዳች፤ የዓሣና የደመና ወሬ ይበዛባታል አለች። ፌቨን አመስግና መለሰችላት። ልጅቷ ሣጥኑን እየዘጋች፣ "ታዲያ ከሰው ጋር ስለ ምን ያወራሉ?" አለቻት።

ፌቨን ጥያቄውን አሰበችበት። "አላውቅም። እስኪመጣልን ዝም እንላለን" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል አልነበረም። ገበያ ስትወጣ ሰዎች ያዩአትና ፍሬያቸው ለሷ የሚሆን ጨዋታ ስለማታገኝ ዓይናቸው ባዶ ይሆናል፤ ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ። ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት በጣቷ ብቻ ታናግራታለች። አንዳንድ ቀን ፌቨን ከገበያ ስትመለስ ከራሷ ጋር ጮክ ብላ ታወራ ነበር፤ ድምፅዋ እንዳይዝግ።

ሆኖም ሰው ይመጣ ጀመር። ብዙ አይደለም። ሃያት በየቀኑ ትመጣለች፤ ስለ ትልቋ ልጇ አካሄድ ያላትን ሥጋት ሁሉ አወራች፣ ፌቨንም የማይሆን ምክር መክራት ተኳረፉ፣ በሁለተኛው ቀን ታረቁ። ከዳቦ ቤቱ አንዲት ሴት ገብታ፣ ፍሬዋን በመሐረቧ ቋጥራ፣ "እናቴ ትናፍቀኛለች" አለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች። እንድሪስ እየመጣ የኪሩቤልን ነገር በትንሽ በትንሹ ይነግራታል፤ አንዳንዱን ደጋግሞ። አንድ ሰው ደግሞ ኪሩቤልን ዕድሜ ልኩን ሲጠላው እንደኖረ ሊነግራት መጣ። የገመድ መኪናው የሥራ ቦታ የሚገባው ለእኔ ነበር አላት። ፌቨን ይህን ሁሉ ሰምታ፣ ባሏ ከእሱ በአሥር እጅ የሚሻል ሠራተኛ መሆኑን፣ እሱም ይህን ስለሚያውቅ የዘገየ ቂም ይዞ ለቅሶ ቤት እንደመጣ በቁጣ ነገረችው። ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ተርባ ነቃች።

የኪሩቤል አርባ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኢዮስያስ ነው። ከኮምቦልቻ በመጀመሪያው መኪና መጥቶ ነበር፤ ጺሙን አልተላጨም፣ ጆሮው ባዶ ነው።

"ያላለቀ ነገር አለኝ" አላት።

"እኔም አለኝ" አለችው። "ግባ።"

ሃያት ከአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ ነበር። መጀመሪያ የኢዮስያስን ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ የፌቨንን፣ ከእሱ ከፍ ብሎ። ሄዳ ልትገላግል አሰበችና ተወችው። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይወጣል ይወርዳል። ዕቃ የወደቀ መሰላት፤ ቀጥሎ ዝምታ ሆነ፤ ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰማች። ሃያት እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ፌቨን የሆነ ነገር አለች፤ ኢዮስያስም እንባ ባነቀው ድምፅ "ውሸት ነው" አለ፤ እንደገና ጭቅጭቁ ተነሣ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል በሩ ተከፈተ። ኢዮስያስ ዓይኑ አብጦ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ፌቨን እስከ በሩ ሸኘችው፤ የእሷም ዓይን ከእሱ አይሻልም ነበር። መንገዱ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ሁለቱን አይተው ዓይናቸውን ወደ ጎን አሸሹ፤ እሱ አላያቸውም።

"ነገ እመጣለሁ" አላት። "ገና አልጨረስንም።"

"የት ጨረስንና" አለችው ፌቨን፤ የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ላይ መለሰችለት።